ተቀነሰልን ወይስ ተቀነሰብን? «ተቀናሽ»ንና ዘመዶቹን ለማንበብ የሚረዳ መመሪያ

ደሴ ውስጥ በሒሳብ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ስለ ደመወዝ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ በትክክል የተጠየቀው አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። የጠየቀችኝ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የምትሠራ የጎረቤት ልጅ ናት። አዲሱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ተግባራዊ ከሆነ ጥቂት ወራት በኋላ የደመወዝ ዝርዝሯን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች፤ በጣቷም «የሥራ ግብር፣ ተቀነሰ» የሚለውን መስመር እያሳየች፣ «ጋሼ፣ በሬዲዮ ግብር ተቀነሰ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ወረቀቱም ግብር ተቀነሰ ይላል። ታዲያ ከተቀነሰ ለምን ተቀነሰ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የዕውቀት ማነስ አልነበረም። ሬዲዮውም ወረቀቱም እውነት ተናግረዋል። ሬዲዮው የግብሩ መጠን ዝቅ ማለቱን ሲገልጽ፣ ወረቀቱ ደግሞ ግብሩ ከደመወዟ ላይ መነሳቱን ገልጿል። አንዱ ለእሷ የሚጠቅም፣ ሌላው ከእሷ የሚወስድ ሲሆን፣ ሁለቱም በአንድ ቃል ተነግረዋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ቃል ከደመወዝ ዝርዝር፣ ከግብር ሰነድ፣ ከገበያና ከውል ላይ ሲያገኙት በየትኛው ትርጉሙ እንደተነገረ ለይተው ማንበብ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው።

በአፍ ስንናገር ይህ ችግር አይገጥመንም፤ ምክንያቱም አማርኛ ጥቅሙንና ጉዳቱን በግሱ መጨረሻ ላይ ያኖራል። «ቀነሰልኝ» ያለ ሰው ተጠቅሟል፤ «ቀነሰብኝ» ያለ ሰው ተጎድቷል። «ዳኛው ቅጣቱን ቀነሰለት» እና «አሠሪው ደመወዙን ቀነሰበት» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ሕፃን ልጅም ይለየዋል። ልዩነቱን የተሸከሙት «ለ» እና «በ» ናቸው። «ቆረጠ» በሚለው ግስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል፤ «ደመወዝ ተቆረጠለት» ማለት በወር ይህን ያህል እንዲከፈለው ተወሰነለት ማለት ሲሆን፣ «ደመወዝ ተቆረጠበት» ማለት ከሚከፈለው ላይ ተወሰደበት ማለት ነው። በአንዲት ፊደል ልዩነት አንዱ የሥራ መጀመሪያ፣ ሌላው ቅጣት ይሆናል።

ችግሩ የሚጀምረው ግሱ ስም ሆኖ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። «ተቀናሽ»፣ «ቅናሽ»፣ «ቅነሳ»፣ «ተቆራጭ» የሚሉት ስሞች ያንን ጅራት ጥለው ይቀራሉ። «ተቀናሽ፦ 850» የሚል ጽሑፍ ለማን ወይም በማን ላይ እንደተቀነሰ አይናገርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስሙን ወደ ግስ መልሶ ጅራቱን መቀጠል ነው። «ተቀናሽ» የሚል ባዩ ቁጥር «ይህ ከምን ላይ ተቀነሰ? ተቀነሰልኝ ወይስ ተቀነሰብኝ? ከተቀነሰብኝስ ወደ ማን ሄደ?» ብለው ይጠይቁ። ለሦስቱም መልስ ካላገኙ ሰነዱን ገና አላነበቡትም።

በልጅቷ ወረቀት ላይ አብረን የሠራነውን እዚህ ላሳይ። መሠረታዊ ደመወዟ 8,000 ብር ነው። «ተቀናሾች» ከሚለው ርእስ ሥር አራት መስመሮች ነበሩ፦ የሥራ ግብር 1,150፣ ጡረታ 560፣ ብድርና ቁጠባ 500፣ ልዩ ልዩ 240። ድምሩ 2,450 ብር ሲሆን፣ እጇ ላይ የደረሰው የተጣራ ደመወዝ 5,550 ብር ነው። አራቱ በአንድ ርእስ ሥር ይደርደሩ እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ግብሩ ለመንግሥት ገቢ ሆኗል፤ ተመልሶ አይመጣም። ጡረታው ለአሁኑ ከእጇ ወጥቷል፤ ነገር ግን በስሟ ተመዝግቦ ለኋላ መብት ይሆናታል። የብድርና ቁጠባው 500 ብር ደግሞ ቁጠባ ከሆነ የራሷ ገንዘብ ነው፤ ኪስ ቀየረ እንጂ አልሄደም። የብድር ክፍያ ከሆነም ዕዳዋን ያቃልልላታል። «ደመወዜ ከሲሶው የማይተናነስ ይቆረጥብኛል» ብሎ የሚያማርር ሰው ቁጠባውን ከግብሩ ጋር ደምሮ እያዘነ ሊሆን ስለሚችል፣ መስመሮቹን ለይቶ መደመር ተገቢ ነው። አራተኛውን «ልዩ ልዩ» ለመጨረሻ እናቆየው።

ግብሩ እንዴት 1,150 እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም እዚያው ላይ ሌላ «ተቀናሽ» ተደብቋል። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሚሠራበት በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ያለ የደመወዝ ገቢ ግብር አይከፈልበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። እያንዳንዱ መጣኔ የሚያርፈው በየእርከኑ ውስጥ በወደቀው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። የ8,000 ብር ደመወዝተኛ በመጀመሪያው 2,000 ላይ ምንም፣ በቀጣዩ 2,000 ላይ 300፣ በቀጣዩ 3,000 ላይ 600፣ በመጨረሻው 1,000 ላይ 250 ይከፍላል፤ ድምሩ 1,150 ይመጣል።

የሒሳብ ሠራተኞች ግን በዚህ መንገድ አይሄዱም። ደመወዙን በሙሉ በላይኛው መጣኔ ያባዙና ከውጤቱ ላይ አንድ የታወቀ ቁጥር ያነሳሉ። 8,000 በ25 በመቶ ሲባዛ 2,000 ይሆናል፤ ከዚያ ላይ 850 ሲነሳ ያው 1,150 ይቀራል። ይህ 850 በማስያ ሰንጠረዡ ላይ «ተቀናሽ» በሚል ዓምድ ሥር ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ በሰንጠረዡ ላይ ያለው ተቀናሽ ከግብሩ ላይ የሚነሳ ስለሆነ ለሠራተኛው ይቀነስለታል፤ በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ ያለው ተቀናሽ ደግሞ ከደመወዙ ላይ የሚነሳ ስለሆነ ይቀነስበታል። አንድ ቃል በአንድ ሒሳብ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። «850 ብር ተቀናሽ አለብህ» ተብለው የደነገጡ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ትክክለኛው አነጋገር «850 ብር ተቀናሽ አለልህ» ነበር።

የሬዲዮው «ተቀነሰ»ም እዚሁ ላይ ይፈታል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 979/2008 የ8,000 ብር ደመወዝ 1,445 ብር ይገበርበት ነበር። አሁን 1,150 ነው። 295 ብር ተቀነሰላት፤ 1,150 ብር ተቀነሰባት። ይህን በዚህ መልክ ስነግራት ቀሪውን መስመር ራሷ ማንበብ ጀመረች።

ስለ ጡረታም አንድ ነገር ላክል። ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። በአንዳንድ የደመወዝ ዝርዝሮች ላይ የአሠሪው 11 በመቶም አብሮ ስለሚጻፍ፣ 880 ብሩም ከእነሱ የተቀነሰ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ከአሠሪው ኪስ የሚወጣ ነው፤ ከተጣራው ደመወዝ ላይ መነሳት የለበትም። ተነሥቶ ከሆነ ስሕተት ስለሆነ ወዲያው ማመልከት ይገባል።

እዚህ ላይ ከወረቀቱ ትንሽ ልራቅና የወሎ ሰው ከገንዘቡ የሚያወጣውን ሁሉ «ተቀናሽ» እንደማይለው ላስታውስ። ዘካ አይቀነስም፤ ዘካ ይወጣል። አሥራትም ይወጣል። የዕድር መዋጮ ይዋጣል፤ ዕቁብ ይጣላል፤ ግብር ይገበራል፤ ቀለብ ይቆረጣል። በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች በዝናብ ከበቀለው እህል ከአሥር አንዱን ሲያወጡ፣ አንዱ ዘካ፣ ሌላው አሥራት ብሎ ይጥራው እንጂ ሁለቱም «አወጣሁ» ይላሉ እንጂ «ተቀነሰብኝ» አይሉም። በገንዘብና በንግድ ዕቃ ላይ የሚታሰበው ዘካ ከአርባ አንድ፣ ማለትም 2.5 በመቶ ሲሆን፣ እሱም እንደዚሁ ይወጣል። ቋንቋችን በፈቃድ የሚሰጠውንና ሳይጠየቁ የሚነሳውን በተለያዩ ግሶች ለይቶ አስቀምጧል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ዝርዝር ለዕድር ወይም ለማኅበር የሚሰጠውን ገንዘብ «ተቀናሽ» ብሎ ሲጽፈው፣ ሠራተኛው «ይህ በፈቃዴ የማዋጣው ነው ወይስ ያለፈቃዴ የተነሳ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ልዩነቱ የስሜት ብቻ አይደለም፤ በሕግም ዋጋ አለው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሠራተኛ፣ አሠሪው ከደመወዝ ላይ መቀነስ የሚችለው በሕግ ሲፈቀድ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲወሰን፣ በፍርድ ቤት ሲታዘዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ እንደሌለበት አዋጁ ያዛል። እዚህ ላይ «በጽሑፍ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። አለቃ በቃል «ከደመወዝህ ላይ ይታሰባል» ማለቱ ስምምነት አይሆንም። «ይታሰባል» የሚለው ግስም ራሱ ያንን ጅራት ይፈልጋል፤ «ይታሰብልሃል» ከሆነ ሊከፈልዎት ነው፣ «ይታሰብብሃል» ከሆነ ሊወሰድብዎት ነው።

ነጋዴዎች ከዚህ የተለየ ፈተና አለባቸው። በግብር ሰነድ ላይ «ተቀናሽ ወጪ» የሚለው አገላለጽ ለነጋዴው ወዳጅ ነው፤ ገቢውን ለማግኘት ያወጣው የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የዕቃ መግዣና የመሳሰለው ከገቢው ላይ ተነሥቶ ግብሩ በቀሪው ትርፍ ላይ እንዲታሰብ ያደርጋል። «የእርጅና ቅናሽ»ም ከዚሁ ወገን ነው፤ ማሽኑ ወይም መኪናው በአገልግሎት ብዛት ያጣው ዋጋ በየዓመቱ እንደ ወጪ ይያዝለታል እንጂ ሰው ዋጋ ቀነሰለት ማለት አይደለም። ሁሉም ግን በደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ያልያዘ ወጪ ለኪስ ወጪ ቢሆንም ለግብር ተቀናሽ አይሆንም።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ደግሞ በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ በሚባለው፣ ከክፍያ ላይ ተቀንሶ በሚያዘው ግብር ነው። አንድ ድርጅት ዕቃ ሲገዛ ከሚከፍለው ላይ ጥቂት በመቶ አስቀርቶ ለገቢዎች ያስገባል። ነጋዴው በዚያ ሰዓት «ተቀነሰብኝ» ይላል፤ ልክ ነው። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን ያ ገንዘብ ከሚከፍለው ግብር ላይ ይቀነስለታል፤ አስቀድሞ የከፈለው ግብር ነውና። ብኝ የነበረው ልኝ የሚሆነው የተሰጠውን ደረሰኝ ጠብቆ ካቀረበ ብቻ ነው። ደረሰኙን ሱቅ ውስጥ እንደ ቁራጭ ወረቀት የጣለ ሰው በዚያ ገንዘብ ላይ ሁለት ጊዜ ግብር ከፈለ ማለት ነው። እባክዎ ለእነዚህ ደረሰኞች ለብቻቸው ማኅደር ያዘጋጁላቸው።

ወደ ገበያ እንሂድ። በደሴ ሰኞ ገበያም ሆነ በሰኞው የባቲ ገበያ «ቀንስ» የሚለው ቃል ከማለዳ እስከ ማታ አይጠፋም፤ ዘመዱ «ምርቃት» ግን የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። አንድ ወጣት በርበሬ ለምትሸጥ እናት «እማማ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ እንጂ» ሲላቸው፣ «ልጄ፣ ከዚህ በታች አያዋጣኝም፤ ይልቅ ልመርቅልህ» ብለው ከጣሳው በላይ አንድ እፍኝ ይጨምሩለታል። ዋጋው አልተነካም፤ መጠኑ ጨመረ። ለገዥው ውጤቱ ከቅናሽ አይለይም፤ ለሻጯ ግን የገበያው ዋጋ ሳይወርድ ቀረላቸው። ቃሉም ከቡራኬ ጋር አንድ መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ የተጨመረው እፍኝ ከበረከት ጋር ይቆጠራል።

እህል ይዞ የሚመጣ ገበሬ የሚገጥመው «ቅናሽ» ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሦስት ጆንያ ማሽላ ሚዛን ላይ ወጥቶ 304 ኪሎ ቢመዝን፣ ገዥው «ለጆንያው አንድ አንድ ኪሎ፣ ለአፈርና ለገለባው ሁለት ሁለት ኪሎ ይቀነሳል» ብሎ 295 ኪሎ ሊጽፍ ይችላል። ዘጠኝ ኪሎ ሄደ ማለት ነው። የጆንያው ቅናሽ በራሱ ትክክል ነው፤ ማሽላ እንጂ ጆንያ አልተሸጠም። ነገር ግን ከቃጫ የተሠራው ጆንያና በተለምዶ ማዳበሪያ የምንለው የላስቲክ ከረጢት ክብደታቸው እጅግ የተራራቀ ነው፤ የኋለኛው ባዶውን ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። መፍትሔው ክርክር ሳይሆን ባዶውን ከረጢት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። የአፈርና የገለባው ቅናሽ ደግሞ ከመመዘኑ በፊት በስምምነት መወሰን አለበት፤ ሚዛን ከተነበበ በኋላ የሚመጣ ቅናሽ ቅናሽ ሳይሆን ሁለተኛ የዋጋ ድርድር ነው። የደላላውም ክፍያ ከሻጩ ወይስ ከገዥው እንደሚነሳ አስቀድሞ ይጠየቅ።

በሱቅ መስኮት ላይ «እስከ 50 በመቶ ቅናሽ» የሚል ሲያዩ «እስከ» የምትለዋን ያንብቡ፤ ከሃምሳ በታች ያለው ሁሉ በውስጧ አለ። «በ20 በመቶ ቀነሰ» እና «ወደ 20 በመቶ ቀነሰ»ም አንድ አይደሉም። የ1,000 ብር ጫማ 20 በመቶ ተቀንሶለት እንደገና 10 በመቶ ቢቀነስለት 700 ሳይሆን 720 ብር ይሆናል፤ ሁለተኛው ቅናሽ የሚታሰበው በ800 ላይ ነውና። በተመሳሳይ መንገድ 15 በመቶ ቫት ያለበትን 1,150 ብር «ቫቱን ቀንስ» ቢሉ የሚነሳው 150 ብር እንጂ የ1,150 15 በመቶ የሆነው 172.50 አይደለም። በሁሉም ላይ የሚያሳስተው «ከምን ላይ?» የሚለውን ጥያቄ መዝለል ነው።

«ቁርጥ ዋጋ» የሚለው ከዚህ ቤተሰብ የወጣ ይምሰል እንጂ ትርጉሙ ተቃራኒ ነው፤ የማይቀነስ ማለት ነው። «ቁርጡን ይንገሩኝ» ያለ ገዥ ቅናሽ አልጠየቀም፤ የመጨረሻውን ጠየቀ። «ተቆራጭ» ደግሞ ከደመወዝ ላይ ተነሥቶ ለሚስት፣ ለልጅ ወይም ለወላጅ በየወሩ የሚደርስ ገንዘብ ነው፤ ለላኪው ይቆረጥበታል፣ ለተቀባዩ ይቆረጥለታል። ፍቺ ውል ላይ ይህን ቃል የሚጽፉ ሰዎች መጠኑን፣ ከፋዩን፣ ተቀባዩንና የሚቆምበትን ጊዜ በግስ እንዲጽፉ እመክራለሁ፤ «ተቆራጭ ይኖራል» ማለት ምንም አለመጻፍ ነው።

ስለ ሰው ሲነገር «ቅነሳ» ይበልጥ ይከብዳል። «ከሥራ ተቀነሰ» እና «ከሥራ ተባረረ» መለየት አለባቸው። ቅነሳ ድርጅቱ ሥራ ወይም ገቢ አንሶት የሚወስደው እርምጃ ነው፤ የሠራተኛውን ጥፋት አያመለክትም፤ የስንብት ክፍያም ያስገኛል። ስለዚህ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ የትኛው ቃል እንደተጻፈ ማየት የሚቀጥለውን ሥራ ሊወስን ይችላል። «ጎደለ» እና «አጎደለ»ም እንደዚሁ ናቸው። ካዝና ሲቆጠር ገንዘብ «ጎደለ» ማለት ልዩነት ተገኘ ማለት ብቻ ነው፤ «አጎደለ» ከተባለ ግን ተጠያቂ ሰው ተሰይሟል። ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ምርመራው ሳያልቅ «አጎደለ» ብሎ መጻፍ የለበትም፤ ፈራሚውም እንዲህ ያለ ቃል ሳያነብ መፈረም የለበትም።

ከትርጉም ሥራ ጋር የሚገናኙ አንባቢያንም አንድ ነገር ይጠብቁ። በእንግሊዝኛ ዲዳክሽን የሚባለው ቃል ከገንዘብ ላይ መቀነስንም፣ ከታወቀ ነገር ተነሥቶ ያልታወቀውን መደምደምንም ይይዛል። አማርኛ ግን ሁለቱን አይቀላቅልም። ስለ ማሰብ ሲሆን «ድምዳሜ»፣ «ከጠቅላላው ወደ ዝርዝሩ የሚሄድ አመክንዮ» እንላለን። «ተቀናሽ አመክንዮ» የሚል ያየ ሰው ከማሰቡ ላይ ምን እንደተቀነሰ ቢጨነቅ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

አሁን ወደ ቀረችው የ240 ብር መስመር ልመለስ። «ልዩ ልዩ» ከምን ላይ እንደተቀነሰ ይታወቃል፤ ለማንና ለምን ግን አይናገርም። ልጅቷም አልፈረመችበትም፤ የጠየቃትም አልነበረም። ቁጣ የሌለበት፣ ግሱ ጅራቱን የያዘ ማመልከቻ እንድትጽፍ ነገርኳት፤ እንዲህም ጻፈች፦ «በዚህ ወር ደመወዜ ላይ ‹ልዩ ልዩ› በሚል የተቀነሰብኝ 240 ብር በምን ምክንያትና በየትኛው የጽሑፍ ስምምነት እንደተቀነሰብኝ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ ስምምነት ከሌለም እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» አንዱን ቅጂ አስገብታ በሁለተኛው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስቀመጠች።

በሚቀጥለው ወር ዝርዝሯ ላይ «ተመላሽ 240» የሚል አዲስ መስመር ከጭማሪዎች ዓምድ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ግብሩም በ8,240 ላይ ተሰልቶ 1,210 ብር ሆኖባታል። ተመላሽ ግን አዲስ ገቢ አይደለም፤ ባለፈው ወር ግብር ከተከፈለበት ደመወዝ ላይ ያላግባብ የተነሳ የራሷ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በትርፍ የተያዘባትን 60 ብር ለማስተካከል ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፈች፤ ይህኛውን ያለእኔ እርዳታ ነው የጻፈችው።